ካኪ የለበሱ ሦስት ጀሪካኖች

አረቄ ከተውኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነኝ፣ ሦስት ጀሪካን ሙሉ አረቄ አልጋዬ ሥር ገባ። ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። ያስገቡት፣ ሁለተኛ እንዳልጠጣ በሽማግሌ ፊት ዋስ የሆኑኝ ሴትዮ ናቸው። ይህን ለሰው ሳወራ "አሁንስ አጋነንክ" ይሉኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በቀበሌያችን የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን ተደርድረን፣ የተማሪ ዩኒፎርምና የሠራተኛ ቱታ ስንሰፋ እንውላለን። የራሴን እጅ ማሞገስ አልወድም። እወዳለሁ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ? እኔ በእጄ የዘመዘምኩት ጠርዝ ጨርቁ አልቆ ክሩ ይቀራል ይባል ነበር።

ስጠጣ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። አንድ ጊዜ የሙሽራ ኮት ስሰፋ የግራውን እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጠምኩት። ሙሽራው ሰዓት ደርሶበት ያንኑ ለብሶ ወጣ። እጁ ወደ ታች አልወርድ ብሎት ቀኑን ሙሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ላይ አንስቶ ዋለ። ሰፈሩ ለአንድ ወር ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሚስቴ ግን አልሳቀችም። ልብሷን በሻንጣ አድርጋ አስኮ እናቷ ዘንድ ሄደች።

የምጠጣው እትዬ ቤት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ። በልጅነታቸው ከጎጃም የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከኛ በር ሁለት በር ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል አረቄ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ የማይለቁት ወግ ነበራቸው። መለኪያውን ለእንግዳ ከመስጠታቸው በፊት ከጠርሙሱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። ድሮ አቅራቢ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ እንግዳው የሚጠጣውን እንዳይጠራጠር። ሌሎቹ ባለ አረቄ ቤቶች ከተዉት ቆይተዋል፤ እትዬ ግን "ሳልቀምስ ለሰው አልሰጥም" ብለው ቀጠሉ። ሠላሳ ሰው ሲመጣ ሠላሳ ጊዜ ይቀምሳሉ። እትዬ ይጠጣሉ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ መቅመስ መጠጣት ነው እንዴ?

ሚስቴን ለማስታረቅ ሦስት ሽማግሌዎች አስኮ ተሰበሰቡ። እኔ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ እጄን አጣምሬ ቆሜ "ትቻለሁ" አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሚስቴ አጎት፣ "ስትተው ስንት ጊዜህ ነው? ዋስ አምጣ" አሉኝ። ታላቅ ወንድሜን አየሁት፤ ሳል ያዘውና ወደ ውጭ ተመለከተ። የሥራ ባልደረባዬን አየሁት፤ እሱም የጫማውን ማሰሪያ መፈለግ ጀመረ። ያን ጊዜ ከኛ ጋር ከኮልፌ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

"እኔ ዋስ ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። "እርስዎማ ሻጯ ነዎት!" አሉ አጎትየው።

"ታዲያ ከኔ የተሻለ ማን ያውቃል? ቢጠጣ፣ ወይ ከኔ ነው የሚጠጣው፣ ወይ ሌላ ቤት ሲጠጣ ሳይመሽ እሰማለሁ። አንዲት መለኪያ ከቀመሰ ቤቴን እዘጋለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?"

ሳቁ ቆመ። ያቺ ክፍል ብቸኛ እንጀራቸው እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቀረሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም። ሚስቴ በዚያው ሳምንት ተመለሰች።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አላወራም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ሚስቴ ታስገባልኝ ነበር ማለት ይበቃል። በእትዬ በር ሳልፍ ገና ኮቴዬን ሲሰሙ "ወደ ቤትህ!" ብለው እንደ ዶሮ እሽ ይሉኛል። ቀስ በቀስ እጄ ረጋ። ሚስቴ ደግሞ ፀነሰች።

ወረርሽኙ የገባው እሷ ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ ነው። ማጅራት ገትር ነበር። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው በሁለተኛው ቀን አንገቱ ደርቆ፣ ትኩሳት አቃጥሎት ይወድቃል። ቀበሌው በድምጽ ማጉያ "መስኮት ክፈቱ፣ አትሰብሰቡ" እያለ አስነገረ። የማኅበራችን አዳራሽ ተዘጋና እያንዳንዳችን የስፌት መኪናችንን ተሸክመን ወደየቤታችን ገባን። መጠጥ ቤቶችም ተዘጉ። አብዮት ጥበቃዎች እየዞሩ፣ ሲሸጥ ያገኙትን መጠጥ ይደፉ ነበር።

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ እንደ ወጉ ልትወልድ እናቷ ዘንድ አስኮ ሄደች። አማቴም በሰው መልእክት ላኩብኝ፤ "ክትባት ሳይወጋ ደጄን እንዳይረግጥ፤ በሽታ ይዞ አራስ ቤት አይገባም።" ልክ ናቸው፣ ልከራከር አልቻልኩም። ክትባቱ ግን የኛ ቀበሌ ገና አልደረሰም። እኔና የስፌት መኪናዬ ብቻ ቀረን።

በዚህ ላይ ሰፈሩ መድኃኒት አገኘ። ምን? ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ! ሽታው በየግቢው ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ያ በሽማግሌ ፊት ሳል የያዘው፣ በመስኮት ብቅ ብሎ "አንዲት መለኪያ ለጤና ምን ትልሃለች?" አለኝ። "የተውኩት ለጤና ብዬ ነው፣ ሂድ ከዚህ!" ብዬ መስኮቱን በፊቱ ልዘጋው ስል ቀበሌ ክፈቱ ማለቱ ትዝ አለኝና ክፍቱን ተውኩት።

እትዬ የመጡት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። አንዱን ጀሪካን በነጠላ ሸፍነው፣ እንደ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው። አውርደው ተመለሱ፤ ሁለተኛውን አዝለው መጡ። ሦስተኛውን ሲያወርዱ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

"ልጄ፣ እነዚህ እዚህ ይቀመጡልኝ።"

"ምንድን ናቸው እትዬ?"

"አፍንጫ የለህም?"

"አበዱ እንዴ! እኔ ቤት?"

"አብዮት ጥበቃ የሁሉንም ቤት ሲፈትሽ ያንተን አይፈትሽም። በሰፈሩ አረቄ የማይገኝበት ቤት ያንተ ብቻ ነው።"

"እርስዎ እኮ ዋሴ ነዎት!"

"ነኛ! ዋስ የሆንኩለትን ሰው ካላመንኩ የምን ዋስ ነኝ?"

እሳቸው ጀሪካኖቹን እየገፉ አልጋዬ ሥር ከተቷቸውና ጣታቸውን ቀስረው "ቀበሌ ቤት ክፈቱ እስኪል ድረስ ለማንም እንዳትሰጥ። ለማንም!" አሉ።

"ለእርስዎም?" አልኳቸው ለቀልድ።

ጀሪካኖቹን አንዴ መለስ ብለው አዩ። "ለኔም" አሉና ስቀው ወጡ።

ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ መስፋት ጀመርኩ። መኪናዬ ትንጫጫለች፤ እኔ የምሰማው ግን ከኋላዬ ያለውን ዝምታ ነው። ክዳኑ በደንብ መዘጋቱን ለማየት ብቻ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ለማየት ብቻ! በሦስተኛው በራሴ ተናደድኩና ከዩኒፎርም የተረፈ ካኪ ቁርጥራጭ አወጣሁ። ጀሪካኖቹን ለካሁ። አዎ፣ በሜትር ለካኋቸው። ከታች እስከ አንገታቸው፣ ከአንገታቸውም ክዳኑን ጭምር የሚውጥ ልብስ ቆርጬ፣ ክሩን እንዲጠነክር በሻማ አሽቼ፣ ድርብ አድርጌ በእጄ ዘምዝሜ ዘጋኋቸው። ለአንዱ የደረት ኪስ ልሠራለት ሁሉ አምሮኝ ነበር።

አረቄውን ለማግኘት ስፌቱን መተርተር ሊኖርብኝ ነው። የተተረተረ ካኪ ደግሞ መልሰው ቢሰፉትም የመርፌው ቀዳዳ ይታያል፤ ልብስ ሰፊ የሆነ ሁሉ፣ የልብስ ሰፊ ሚስትም ጭምር፣ ያንን ማንበብ ትችላለች። ከሁሉም በላይ እኔ ራሴ ጥሩ አድርጌ የሰፋሁትን ከምተረትር ጥርሴን ብነቀል እመርጣለሁ። በሥራዬ ረክቼ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

እትዬ በየጠዋቱ ይመጡ ጀመር። "ደህና አደርክ?" ይሉና ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር ያያሉ። የመጀመሪያ ቀን ካኪውን ሲያዩ እየሳቁ "ተማሪ ቤት ልታስገባቸው ነው?" አሉኝ። ቀጥሎ ግን ከሰዓትም ይመጡ ጀመር። ገብተው ይቀመጣሉ፣ አልጋው ሥር ያያሉ፣ ይሄዳሉ። እኔን ሊሰልሉ የሚመጡ መሰለኝና ከነከነኝ። አንድ ቀን "እትዬ፣ ካላመኑኝ ይውሰዷቸዋ!" ብዬ ጮህኩባቸው። እንደ ወትሮው ይመልሱልኛል ስል ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በኋላ ቆጨኝ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአስኮ የመጣ የአማቴ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ "ሚስትህን ከትናንት ጀምሮ ምጥ ይዟታል፣ አልተገላገለችም" አለኝና አለፈ። ከትናንት ጀምሮ! ጫማዬን አጥልቄ እስከ ፌርማታው ሮጥኩ። እዚያ ስደርስ የአማቴ መልእክት ትዝ አለኝ። አጠገቤ የቆመው ሰው እንኳ ያስል ነበር። ይህን ይዤ አራስ ቤት ልገባ ነው? ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሚስቴ የምትሞት መሰለኝ፣ ልጁም የሚሞት፣ እኔም እዚያች ክፍል ውስጥ መኪናዬን ታቅፌ የምቀር መሰለኝ።

ቤት ገብቼ አንዱን ጀሪካን ጎተትኩ። መቀሴን አነሳሁ። "ለማጅራቴ ነው፤ ክትባት የለ፣ ምን የለ" አልኩ። ወንድሜን ያባረርኩበትን ያንኑ ወሬ ለራሴ ሳወራ ሰማሁት፤ ሰምቼም አላቆምኩም። አንድ ስፌት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባተኛው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

እትዬ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ነጠላቸው ሥር ነበር፤ የመለኪያዋ ጠርዝ ብልጭ ስትል አየኋት።

እሳቸው መቀሴን አዩ፣ እኔ መለኪያቸውን አየሁ። "አንገቴን ይዞኛል" አሉ ቀስ ብለው፤ "ለመድኃኒት አንዲት መለኪያ ብቻ። አንተ እንዳትነካው፣ እኔው እቀዳለሁ።"

ሊፈትኑኝ የመጡ መሰለኝ። በአንድ ቃል እምነታቸውን አፈርሳለሁ፤ ቤታቸው ይዘጋል፤ ሚስቴም፣ በሕይወት ከተረፈች፣ ሁለተኛ አትመለስም። መቀሱን አስቀምጬ መርፌ አነሳሁ።

"ክሩ ላልቶ ነው፣ እያጠበቅኩት ነው" ብዬ ዋሸሁ። "ደግሞስ ለኔም እንዳትሰጥ ብለውኝ የለ? ቀበሌ ሳይፈቅድ አይከፈትም።"

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሰባቱን ስፌቶች አንድ በአንድ መልሼ ሰፋሁ። ሦስት ጊዜ ጣቴን ወጋሁት። እሳቸው ዓይናቸውን ከመርፌው ላይ አልነቀሉም። የመጨረሻውን ክር ስበጥስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና "እጅህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ከዚያ አልሄዱም። ሚስቴን ምጥ እንደያዛት ስነግራቸው ነጠላቸውን አውልቀው አስቀመጡና "በል ቁልፍ ስጠኝ" አሉ። የዩኒፎርም ቁልፍ እየተከሉ፣ በየመሀሉ "ማርያም ትቅረባት" እያሉ ዋሉ። ያን ቀን የተተከለ ቁልፍ ከተማሪዎቹ ጋር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ነው፤ እንደዚያ አጥብቀው ነው የሰፉት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ያ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። "ተገላገለች! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!" እኔ መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። እትዬ ግን ደጅ ወጥተው እልልታቸውን አቀለጡት። በሰፈራችን ለሴት ሦስት ለወንድ ሰባት ነው። እሳቸው ሰባት ጊዜ እልል አሉ። "እትዬ፣ ሴት ናት እኮ!" ስላቸው "ዝም በል፣ የዛሬው ሰባት ነው" አሉኝ። ከደስታ ብዛት ቁጥር የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር።

ክትባቱ ከአምስት ቀን በኋላ መጣ። በቀበሌው አዳራሽ ደጅ ተሰልፌ ተወጋሁ፤ የሰውነት መከላከያው ሥራውን እስኪጀምር ጠብቅ የተባልኩትን ቀን ጠብቄ አስኮ በእግሬ ገሰገስኩ። ልጄን ሳያት የእናቷን ግንባር፣ የኔን ጆሮ ይዛለች። ጆሮዬ ትልቅ ነው፤ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ወረርሽኙ በረደና ቀበሌው መጠጥ ቤቶች ይከፈቱ አለ። በዚያው ጠዋት እትዬ መጡ። ሦስቱን ጀሪካኖች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ሰባቱ ቀዳዳዎች ለማወቅ ለሚፈልግ ዓይን ጎልተው ይታያሉ። ልዋሽ አልፈለግኩም።

"እትዬ፣ ያን ቀን ክሩ አልላላም ነበር። እየተረተርኩት ነው የደረሱብኝ። ዋስነትዎን ላፈርስ ነበር።"

"አውቃለሁ፤ ሰባቱንም ስትሰፋ ቆጥሬ ነው ሰባት ጊዜ እልል ያልኩት" አሉ። "ሊጠጣ የመጣ ሰው ሌላው ሊጠጣ ሲል አይጠፋውም።"

"ማነው ሊጠጣ የመጣው?"

"እኔ ነኛ! አንገቴን መች አመመኝ?"

አፈጠጥኩባቸው። እሳቸው ካኪውን በእጃቸው እየዳበሱ ነገሩኝ። ቤታቸው በተዘጋ የመጀመሪያው ቀን፣ እንግዳ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ፣ እጃቸው ሳያስቡት ጠርሙሱን አንስቶ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረገ። ቀመሱ። ቀና ሲሉ መለኪያ የሚቀበላቸው ሰው የለም። በማግስቱ ከረፋዱ ጀመሩ።

"ስንት ዓመት እንግዳ ፊት ስቀምስ ኖሬ፣ እንግዳ ሳይኖር መቅመስ ጀመርኩ፣ ልጄ። በአምስተኛው ቀን መለኪያ አነሳሁ። አብዮት ጥበቃ መጥቶ ቢደፋብኝ እልል ነበር የምለው። ራሴ ልደፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ አሰብኩ። በዚህ ሰፈር አረቄን እምቢ ማለት የቻለ አንድ ሰው አለ።"

ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰባት ስፌት የተረተርኩት እኔ!

"እትዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን አልቻልኩም ነበር። የሰፋሁት እርስዎን ፈርቼ ነው።"

"እኔስ መለኪያዬን የደበቅኩት አንተን አፍሬ አይደል?"

ተያየን። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፣ ከዚያ እኔ። ጥቂት ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ የሰፈሩ ዋስና የሰፈሩ ምሳሌ አንድ አልጋ ሥር ተቃቅፈው ይገኙ ነበር። ስንስቅ እንባቸው መጣ፤ የኔም መጣ፤ የማን እንባ ለሳቅ እንደሆነ የማን ለሌላ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

"እንግዲህ ለኔስ ማን ዋስ ይሆነኛል?" አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

"እኔ።"

"ከጠጣሁስ?"

"መኪናዬን እሸጣለሁ። ሁለተኛ መርፌ አልይዝም።"

"በመኪናህ አትማል አንተ! ልጅ ወልደሃል!"

"እርስዎ በቤትዎ ምለው የለ?"

መቀሴን አንስቼ የራሴን ስፌት እስከ መጨረሻው ተረተርኩ። ጀሪካኖቹን ደጅ አውጥተን፣ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው እጅጌዬን ጨምድደው ይዘው፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ ቦዩ ውስጥ ደፋናቸው። የጎረቤት ዶሮዎች መጥተው ቦዩን ለቃቀሙ፤ አውራው ዶሮ ከቀትር በኋላ እንደ ማለዳ ሲጮህ ዋለ። አንድ አብዮት ጥበቃ ሽታውን ተከትሎ መጣና "ምንድን ነው ይሄ?" አለ። "መድኃኒት ነበር፤ አልሠራም" አሉት እትዬ።

እትዬ ቤታቸውን በዳቦ፣ በሻይና በብርዝ ከፈቱት፤ ብርዝ ማለት ሳይቦካ የሚጠጣ የማር ውሃ ነው። የድሮዎቹ ደንበኞች አጉረመረሙ፣ ግማሾቹ ቀሩ፣ ግማሾቹ ለዳቦው ብለው ተመለሱ። ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ቀን ሳይናገሩ ይመጡና "ቁልፍ የለህም?" ይሉኛል። ሥራ ባይኖረኝም ካለው ልብስ ላይ ቁልፍ ነቅዬ እሰጣቸዋለሁ።

ሚስቴ ልጅቷን ይዛ ስትመለስ ካኪዎቹ ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። "ይሄ ተተርትሯል" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ አንድም ሳልደብቅ። ቀዳዳዎቹን በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች። "ሰባት ላይ ቆምክ?" አለችኝ፤ ከዚያ ካኪውን አጥፋ ከልጅቷ ልብስ ጋር አስቀመጠችው።

በሰማንያ ቀኗ ልጃችን ክርስትና ተነሣች። ክርስትና እናቷ እትዬ ሆኑ። ቤታችን በሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌው አጎት ሳይቀሩ መጥተዋል። እትዬ ያዘጋጁትን ብርዝ ሊቀዱ ተነሡና እንደ ድሮው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። እኔ ሳላስበው ዓይኔን እጃቸው ላይ ተከልኩ። ቀመሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ አዩኝ። ከዚያ ሚስቴ ያቀፈቻትን ሕፃን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አሉኝ። "ዛሬ እንግዳ አለኝ።"